ሳነቴን የተሸከመች ፍልፈል

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብርዱ ቀሰቀሰኝ። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጃኬት ለብሼ፣ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ገብቼ ነው የተኛሁት፤ ያም ሆኖ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ከራስጌዬ ያስቀመጥኩትን ሃይላንድ አንስቼ ልጠጣ ብገለብጠው ጠብ የሚል ነገር የለም። ውሃው ድንጋይ ሆኗል። የድንኳኑን ዚፕ ከፍቼ ስወጣ ሣሩ ከእግሬ ሥር ተንኮሻኮሸ። ጎንበስ ብዬ በባትሪ ሳይ፣ በአፈሩ ውስጥ የነበረው እርጥበት ሌሊቱን በርዶ እንደ መርፌ የቀጠኑ ዘንጎች ሠርቷል። ዘንጎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ቆመው ስሱን አፈር በአናታቸው ተሸክመውታል። በጣቴ ነካ ሳደርጋቸው ኩርሽም ብለው ወደቁ።

ያለሁት ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4000 ሜትር ገደማ። ከምድር ወገብ ያለን ርቀት ግን ሰባት ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጃኬቴን አወለቅኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ሹራቦቹ ተከተሉ። ቀትር ላይ አንገቴ መለብለብ ጀመረ። አብሮኝ ያለው የፓርኩ ስካውት፣ የዚሁ የባሌ ልጅ፣ አየት አደረገኝና «ጋሼ፣ ኮፍያዎን ያድርጉ እንጂ» አለኝ። «የዚህ አገር ፀሐይ በብርዱ ተደብቃ ነው የምታቃጥለው።»

ነገሩን ከዚህ በተሻለ የገለጸልኝ የለም። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ ስልሳ ያህሉ ነው። ስስ አየር ቀን የፀሐይን ጨረር እንደ ወፍራሙ አያጣራም፤ ማታ ደግሞ መሬቱ የጠጣውን ሙቀት ይዞ አያቆይም። ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቱ ወደ ሰማይ ያመልጣል። በበጋ ሌሊቶች ሳነቴ ላይ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰው በሸሚዝ ይቀመጣል።

የአውሮፓ ብርድ ወቅት አለው። ሲመጣ ይታወቃል፣ ወራት ይቆያል፣ ይሄዳል። ዛፉ አስቀድሞ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ድቡ ዋሻው ገብቶ ይተኛል፣ ወፉ ወደ ሞቃት አገር ይሰደዳል። የሳነቴ ብርድ ግን በየማታው ይመጣል፣ በየማለዳው ይሄዳል፤ በጥርና በሐምሌ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ይልቅ በአንድ ቀን ውስጥ በቀትርና በንጋት መካከል ያለው ይበልጣል። ቅጠል አራግፎ መጠበቅ አይቻልም፤ ነገ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ ቅጠሉ ያስፈልጋል። ተኝቶ ማሳለፍም አይቻልም። እዚህ የሚኖር ሁሉ ያንኑ ፈተና በየሃያ አራት ሰዓቱ እንደ አዲስ መፈተን አለበት። የሳነቴን ዕፅዋትና እንስሳት ለመረዳት ይህን አንድ ነገር መያዝ ይበቃል እላለሁ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ስካውቱ ከአንድ የድንጋይ ክምር ጀርባ አስቀመጠኝና «አይንቀሳቀሱ» አለኝ። ከፊታችን ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አዲስ የተቆፈረ ጥቁር አፈር አለ። አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ አፈሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አፈሩ ተነቃነቀ፣ ከውስጥ ተገፋ፣ ቀዳዳ ተከፈተ። ከቀዳዳው ትልቅ፣ ሰፊ፣ ፀጉራም ጭንቅላት ብቅ አለ። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ተጠግተው ተቀምጠዋል፤ ፊቱን ሳያወጣ ሰማዩን ማየት ይችላል። ከታች ሁለት ብርቱካናማ የፊት ጥርሶች።

ይህች ግዙፏ ፍልፈል ናት። እኛ በየእርሻው ዳር የምናውቃት ፍልፈል ዘመድ ብትሆንም መጠኗ ሌላ ነው፤ ትልልቆቹ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋሉ። በዓለም ላይ ከባሌ ተራሮች በቀር የትም የለችም። ገላዋን ከወገቧ በላይ ብቻ አወጣች። አፏ በደረሰበት ዙሪያ ያለውን ሣር በፍጥነት እየነጨች፣ እያጨቀች፣ አፏ ሲሞላ ሳትዞር እንደገባች ወደ ኋላዋ ተንሸራታ ጠፋች። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። እንደገና ነጨች። እንደገና ጠፋች። ወፏ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ በተገለበጠው አፈር ላይ ዘልላ ትል ትለቅማለች። በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ሣር ሲያልቅ ፍልፈሏ ቀዳዳውን ከውስጥ በአፈር ትደፍናለች፤ ከዚያ ከምድር በታች ጥቂት ገፋ ብላ ሌላ ትከፍታለች። በቀን ውስጥ ገላዋ ለፀሐይ የሚታይበት ጊዜ በጣም አጭር ነው።

ለምን በቀን? ዘመዶቿ የሆኑ ብዙ አይጦች የሌሊት ፍጥረቶች ናቸው፤ ጨለማው ይከልላቸዋል። ሳነቴ ላይ ግን ሌሊት መውጣት በብርድ መሞት ነው። ስለዚህ ግዙፏ ፍልፈልም ሆነች ከእርሷ ጋር ሜዳውን የሞሉት የሣር አይጦች ሥራቸውን በቀን ይሠራሉ። በቀን ሲወጡ ደግሞ በቀን የሚያድን ይመጣባቸዋል።

መጣም። ስካውቱ ትከሻዬን ጫን አደረገ። ከምሥራቅ በኩል፣ ብርማ ቅጠል ባለው ቁጥቋጦ መካከል፣ እንደ ጋለ ሸክላ የቀላ ነገር ይራመዳል። እግሩ ረጅም፣ አፉ ቀጭንና ሹል፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ጫፉ ጥቁር። ቀይ ቀበሮ። በአቅራቢያው የሚኖሩ ኦሮሞዎች ጀዳላ ፈርዳ ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው፤ ከከብትና ከፈረስ መንጋ ጋር ሲከታተል ስለሚያዩት። ወደ ፍልፈሏ ቀዳዳ አልሮጠም። አንድ እርምጃ ረገጠ፣ ቆመ። ጆሮውን አቀና። ሌላ እርምጃ። ፍልፈሏ ገብታ ስትወጣ እርሱ በገባችበት ሰዓት ይራመዳል፣ በወጣችበት ሰዓት እንደ ጅብራ ይገተራል። ይህ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ሆዱን ምድር አስነክቶ ተጋደመ፣ ዘለለ፣ አፈሩን በጥርሱ መነቀረ። ባዶ። ፍልፈሏ ወደ ውስጥ ሸርተት ብላለች። ቀበሮው አፈሩን በአፍንጫው አሽትቶ፣ ራሱን አራግፎ፣ ምንም እንዳልሆነ ሄደ።

እኛ «ቀበሮ» የምንለው ይሁን እንጂ በዝምድናው ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለአውሮፓና ለእስያ ተኩላ ይቀርባል። አባቶቹ ከሰሜን የመጡት ዓለም ቀዝቅዛ በነበረችበት በበረዶ ዘመን ነው። ያኔ ዛሬ ጫፍ ላይ ብቻ ያለው የውርጭ ሣር ወደ ታች ወርዶ ሰፊ አገር ይሸፍን ነበር። ዓለም ስትሞቅ ሣሩ ወደ ላይ ሸሸ፣ አይጦቹ ሣሩን ተከተሉ፣ ቀበሮው አይጦቹን። ሲሜን፣ ጓሳ፣ አርሲ፣ ባሌ፤ እያንዳንዱ ተራራ በዙሪያው የሞቀ ቆላና የታረሰ ደጋ የከበበው ደሴት ሆነ።

የቀበሮው አካል የሚነግረን ሁሉ ስለ ፍልፈል ነው። ቀጭኑ አፉ ጉድጓድ ውስጥ ለመግባት፣ ተራርቀው የተተከሉት ትንንሽ ጥርሶቹ ትንሽ እንስሳ ለመያዝ ናቸው። የተኩላ ዘመድ ነውና በቤተሰብ ይኖራል፤ በማለዳ አንድ ላይ ሆነው ድንበራቸውን ይዞራሉ፣ ቡችሎችን በጋራ ያሳድጋሉ፣ ማታ ውርጩ ላይ ተጠቅልለው ጅራታቸውን በአፍንጫቸው ላይ ጥለው ይተኛሉ። አደን ሲሆን ግን እያንዳንዱ ለየብቻ ይሄዳል። ፍልፈልን ለሁለት ማደን ትርፍ የለውም። ከሚበላው ከአሥሩ ዘጠኙ እጅ አይጥና ፍልፈል ነው። ሌላ አገር ላይ ተኩላ አንድ መንጋውን ለመመገብ በመቶዎች የሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይዞራል፤ ሳነቴ ላይ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አንድ ጎልማሳ ቀበሮ ገደማ ይገኛል። ሜዳው ከምድር በታች ያን ያህል ሥጋ ስለያዘ ነው።

ስለ ቀበሮው እጅግ ያስደነቀኝ ነገር ግን ከሥጋ ጋር አይገናኝም። በደጋው ላይ እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ቀይና ቢጫ የተቀላቀለበት አበባ አለ። የእረኞች ልጆች ማሩን ይልሱታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት ቀይ ቀበሮዎችም እንደ ልጆቹ አበባውን ከሥር ወደ ላይ ሲልሱ፣ አንዳንዱም በአንድ ጉዞ እስከ 30 አበባ ሲያዳርስ መታየቱን ዘግቧል። አፋቸው በቢጫ ብናኝ ተለውሶ ወደ ሌላው አበባ ይሄዳሉ። ሥጋ በል እንስሳ የንብን ሥራ ሲሠራ ማየት እምብዛም ያልተለመደ ነው።

ፍልፈሏን በልቶ ያደረው ቀበሮ ብቻ አይደለም። ከሳነቴ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በዌብ ሸለቆ በኩል፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ከገደል ሥር ያለ መጠለያ አለ። ከፍታው 3469 ሜትር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት እንዳሳተሙት፣ ከ47000 እስከ 31000 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። በከፍተኛ ተራራ ላይ ለሰው ልጅ ኑሮ እስካሁን ከተገኙት እጅግ ጥንታዊ ምልክቶች አንዱ ነው። ከአመዱ የወጣው አጥንት በአብዛኛው የግዙፏ ፍልፈል ነበር፣ በእሳት የተጠበሰ። ለመሣሪያ የተጠቀሙበት ጥቁር የመስታወት ድንጋይ ደግሞ የመጣው ከ4200 ሜትር ከፍታ ነው። በዚያ ዘመን ከፍ ያለው የባሌ ክፍል የበረዶ ግግር ነበረው። ዙሪያው ያለው ቆላ ሲደርቅ ግግሩ ቀልጦ የሚወርደው ውሃና ሜዳው ላይ የሚገኘው ሥጋ ሰዎቹን ወደ ላይ ሳበ። ያን ስሰማ ፍልፈሏን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ግማሽ ገላዋን አውጥታ ሣር የምትነጨው ፍጥረት ቅድመ አያቶቻችንን መግባለች።

አፈሩም የእርሷ ነው። በየዓመቱ ከታች ወደ ላይ ትገለብጠዋለች፤ የተቀበረ ሣር ይበሰብሳል፣ አዲስ ዘር በተከፈተው መሬት ላይ ይወድቃል። ሳነቴን አንድ ቀን ሙሉ በእግሩ የሄደ ሰው እግሩ በየጊዜው ስምጥ እያለ ይህን ያረጋግጣል። ሜዳው ሁሉ ከሥሩ ተቦርቡሯል።

ሲመሽ ስካውቱ ወደ አንድ ጅብራ ወሰደኝ። አማርኛችን «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በባዶ ሜዳ ላይ፣ ከጉልበት የማያልፍ ሣር መካከል፣ ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመ ተክል ነው፤ አበባው ሲወጣ ከቤት ጣሪያ ይበልጣል። ቀን ቅጠሎቹ እንደ ትልቅ ጽጌረዳ ተዘርግተው ነበር። አሁን ፀሐይዋ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጀርባ ስትወርድ የውጭዎቹ ቅጠሎች ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየታጠፉ፣ መካከል ላይ ያለውን ለጋ እምቡጥ ይሸፍናሉ። እጄን በቅጠሎቹ መካከል አስገባሁ። ከውጭ ጣቴ ደንዝዞ ነበር፤ ከውስጥ ግን ለዘብ ያለ ነው። የውጭ ቅጠሎቹ ሌሊት ይበርዳሉ፣ ጠዋት ይቀልጣሉ፣ አይሞቱም። ሊሞት የሚችለው የሚያድገው ጫፍ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ተጠቅልሏል። እናት ልጇን በጋቢ እንደምትሸፍነው ነው።

ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠል ብቻ ያወጣል። አንድ ጊዜ ያብባል፤ ረጅም ግንድ ሙሉ አበባ አቁሞ፣ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ዘር በትኖ ይሞታል። ደርቀው የቆሙ ጅብራዎች በሳነቴ ላይ እንደ ተረሱ ምሰሶዎች ይታያሉ።

የሚገርመው የመልኩ ነገር ነው። በኬንያ ተራራ፣ በኪሊማንጃሮ፣ በርዌንዞሪ ላይም የየራሳቸው ጅብራዎች አሉ፤ ዝርያቸው ልዩ ልዩ፣ ቅርጻቸው ተመሳሳይ። እሺ፣ ዘመዳማቾች ናቸው እንበል። ነገር ግን ውቅያኖስ ተሻግረው ቬንዙዌላና ኮሎምቢያ ቢሄዱ፣ በአንዲስ ተራሮች ከፍታ ላይ፣ ከጅብራ ጋር ምንም የቅርብ ዝምድና የሌለው፣ ከሱፍ ቤተሰብ የሆነ ኤስፔሌሺያ የሚባል ተክል ያገኛሉ፤ እርሱም ወፍራም ግንድ፣ አናቱ ላይ ክብ የቅጠል እቅፍ። እዚያም የምድር ወገብ ተራራ ነው፤ እዚያም ቀኑ ይለበልባል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ሁለቱ ተክሎች አልተማከሩም። ያው ብርድ ያንኑ ልብስ አሰፋቸው።

በማግስቱ ወደ ደቡብ ወረድን። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ በአገራችን ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ነው። ልጅ ሳለን አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ከየጎኑ ሜትሩን ሲጽፍ እኛ ለፈተና ብቻ ሸምድደነዋል። ገበሬው ግን ሜትር ሳያውቅ በሚበቅለው እህል ለክቶታል፤ ገብስ የሚደርስበት፣ ጤፍ የሚደርስበት፣ ቡና የሚያፈራበት። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ወደ 0.6 ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ በመኪና የሁለት ሦስት ሰዓት ቁልቁለት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚገኘውን የአየር ልዩነት ያሳያል።

ሳነቴ ጫፍ ላይ ስንደርስ መሬቱ ድንገት አለቀ። ከፊታችን ደመና ብቻ። መንገዱ ወደ ደመናው እየተጠማዘዘ ገባ፤ ጥቂት ቆይቶ የመኪናው መስታወት ረጠበ፣ ሽበታም አስታ ከግራ ከቀኝ ከበበን። ቅርንጫፎቹ ላይ ረጃጅም የድንጋይ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ ጉሙን ያልባል፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ከላይ ደረቅ ሜዳ፣ ከታች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጫካ። ምክንያቱ ተራራው ራሱ ነው። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ በደቡቡ ገደል ሲመታ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ውሃውን በሐረና ጫካ ላይ ያራግፋል።

በአስታው ሥር ኮሶ፣ ከኮሶው ሥር ቀርከሃ። ቀርከሃው ውስጥ በባሌና በአካባቢው ብቻ የምትገኝ የባሌ ጦጣ ትኖራለች፤ ከምትበላው አብዛኛው የቀርከሃ ለጋ ቅጠል ነው። ሌሎቹ ጦጣዎች ፍሬና አበባ ሲሻሙ እርሷ አንድ ተክል ላይ ተጣብቃ ቀረች። በዚህ ጫካ ጅረት ካልሆነ ሌላ ቦታ የማይታወቁ እንቁራሪቶችም አሉ። ከዚያም ወረድ ሲሉ የጫካ ቡና። ማንም ያልተከለው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ። በአንዲት መንደር ቡና አፍልተው የጠበቁን እናት ስኒውን ሲያቀብሉኝ «ይሄ የኛ ጫካ ነው» አሉኝ፤ ለቀሙት እንጂ እንዳልዘሩት ለማስረዳት። ከጎናቸው በሳህን ማር ነበረ፤ ቀፎው የተሰቀለው ትልቅ ዛፍ አናት ላይ ነው፣ ማሩን ሊያወርድ የወጣው ልጅ በገመድ ነው የወጣው።

ያን ቡና እየጠጣሁ ያሰብኩት ስለ ሌላ ተራራ ነው። ባሌ ዋልያ የለውም። ሲሜን ደግሞ የደጋ አጋዘን የለውም። ሁለቱም ደጋ፣ ሁለቱም ብርድ። መካከላቸው ስምጥ ሸለቆ አለ።

የኢትዮጵያን ከፍታ የሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ዐለት ነው፤ እየተደራረበ አገሩን አነሳው። ከዚያ ምድር ተሰነጠቀችና ያንን ደጋ ለሁለት ከፈለችው። ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምዕራብ የቀረው ሲሜንን፣ ጎጃምን፣ ሸዋን ያዘ፤ በምሥራቅ የቀረው አርሲን፣ ባሌን፣ ጨርጨርን። ለብርድ ተፈጥሮ ለኖረ እንስሳ ያ ሸለቆ ከባሕር አይተናነስም። ዋልያ ገደል ላይ ለመኖር የተፈጠረ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ በቀይ ባሕር ዙሪያ ባሉ ደረቅ ተራሮች ይኖራሉ፤ ሲሜን ደርሶ እዚያው ቀረ። የደጋ አጋዘን የሚገኘው በምሥራቁ ብቻ ነው። ለውጭው ዓለም ሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 አንድ አዳኝ ከገደለው በኋላ ሲሆን ስሙ የወጣለት በ1910 ነው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ እንስሳ እስከዚያ ዘመን መዝገብ ሳይገባ መቆየቱ ተራራው ምን ያህል እንደሸሸገው ያሳያል። እኛ በአሥር ሳንቲማችን ላይ ይዘነው ዞረናል። ዲንሾ ላይ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት፣ በጽድና በኮሶ መካከል ቆሞ ሲያዩት ግራጫ ገላው ከጥላው አይለይም፤ ጆሮው ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል።

ጭላዳ ዝንጀሮ ግን ደንቡን ይሰብራል። አብዛኛው በምዕራቡ ደጋ፣ በሲሜንና በጓሳ ሜዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሣር ሲነጭ የሚውል ቢሆንም፣ ጥቂቶቹ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ በአርሲ በኩል በዋቢ ሸበሌ ገደሎች ላይ ይገኛሉ። ቀይ ቀበሮም በሁለቱም በኩል አለ። እነዚህ የሚነግሩን ሸለቆው ሁልጊዜ አጥር እንዳልነበረ ነው። ዓለም በቀዘቀዘች ጊዜ ደጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ መሸጋገሪያ ይገኛል፤ ስትሞቅ በሩ ይዘጋል፣ ማዶና ማዶ የቀሩት ለየብቻቸው ይለወጣሉ።

አሁን እየሞቀች ነው።

ቅድም ያነሳሁትን የ0.6 ዲግሪ ስሌት ልመልሰው። አየሩ በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ ያንኑ ብርድ ለማግኘት ወደ 170 ሜትር መውጣት ያስፈልጋል። ወደ ላይ መውጣት ለሰው ቀላል ነው። ለሳነቴ ፍልፈል ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ሳነቴ አምባ ነው፤ ጠረጴዛ። ዛሬ ሰፊው ሜዳ አንድ ዓይነት ብርድ ያለው ስለሆነ ፍልፈሉን ሁሉ አንድ ላይ ይዟል፤ የሀብቱ ምስጢር ይህ ነው። ያው ምስጢር ግን አደጋውም ነው። ብርዱ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ወደ ላይ ቢሸሽ የሚጠፋው ጠርዝ ጠርዙ አይደለም፣ ጠረጴዛው በሙሉ ነው። ከበላዩ የሚቀረው ጥቂት ጉብታና የቱሉ ዲምቱ ራስ ነው፤ 4377 ሜትር፣ ከዚያ በኋላ ሰማይ። በአፍሪካ ከ3000 ሜትር በላይ ካለው መሬት አብዛኛው እጅ በኢትዮጵያ ነው፤ ስለዚህ ይህን ዓይነት ብርድ ሌላ ቦታ እናገኛለን ማለት አንችልም።

ሙቀቱ ብቻውን አልመጣም። ወደ ዲንሾ በተመለስንበት ቀን በዌብ ሸለቆ ዳር ከብት የሚጠብቁ አዛውንት አገኘን። ስካውቱ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ አስተዋወቀኝ። የባሌ ከብት አርቢዎች ከጥንት ጀምሮ በወቅቱ ወደ ላይ ወጥተው፣ ሆራ የሚባለውን የማዕድን ውሃ አጠጥተው፣ የሚመለሱበት ጎዳንቱ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ሽማግሌው በልጅነታቸው ለጥቂት ሳምንት መጥተው እንደሚመለሱ ነገሩኝ። አሁን ቤታቸው እዚሁ ነው፤ ታች ያለው ግጦሽ ታርሷል። ከጎጆአቸው ጀርባ ገብስ ይታያል። «አባቴ፣ ድሮስ እዚህ ገብስ ይዘራ ነበር?» አልኳቸው። ስካውቱ አስተረጎመ። እጃቸውን በእርሻው ላይ ዘርግተው «ውርጩ ይበላው ነበር» አሉ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ስካውቱ ፈገግ ሳይል ተረጎመልኝ፦ «አሁን ውርጩ ራሱ ተበላ።»

ሦስት ውሾች እግራቸው ሥር ተኝተው ነበር። ውሾቹ ጅብ ሲመጣ ይጮኻሉ፤ ያለ እነርሱ በዚያ ሜዳ ከብት ማሳደር አይቻልም። ነገር ግን የእብድ ውሻ በሽታን ለቀይ ቀበሮ የሚያደርሱትም እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በዌብ ሸለቆ ሲገባ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገደለ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሰዎች ውሾችን በየመንደሩ ይከትባሉ፤ ለቀበሮዎቹም ክትባቱን በሥጋ ውስጥ ሸሽገው በሌሊት በፈረስ እየዞሩ የሚያድሉበት ዘዴ ተጀምሯል። ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። ክብር ይገባቸዋል፤ እኔ አንድ ሌሊት ያልቻልኩትን ብርድ እነርሱ በየዓመቱ ይችሉታል። ባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ደስ ያሰኛል፣ ግን ምዝገባ ገብሱን ከዳገቱ አያወርደውም፤ ሽማግሌውም የሚሄዱበት ሌላ ቦታ እስኪያገኙ ድረስ የትም አይሄዱም። የእርሳቸውን ግጦሽ ያላሰበ ጥበቃ ፍልፈሏንም አላሰባትም።

የመጨረሻውን ማታ እንደገና ሳነቴ ላይ አደርኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ያንኑ የድንጋይ ክምር ተደግፌ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ሜዳውን ከጎን ስለመታችው የእያንዳንዱ አፈር ክምር ጥላ ረዝሟል፤ ከዳር እስከ ዳር መቁጠር የማይቻል ክምር። ቡናማዋ ወፍ ከድንጋይ ድንጋይ ዘለለችና ሄደች። ጅብራዎቹ መታጠፍ ጀምረዋል። ከፊቴ ባለው ቀዳዳ ሰፊው ጭንቅላት አንድ ጊዜ ብቅ አለ፣ ዓይኖቹ ሰማዩን አዩ፣ ወረደ። ከዚያ ከውስጥ እርጥብ አፈር ተገፍቶ መጣ። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ቀዳዳው ተደፈነ፣ አፈሩ ትንሽ ተነቃነቀና ጸጥ አለ። በእጄ የያዝኩት የሻይ ስኒ ላይ እንፋሎቱ ወፍሮ ነበር። ስካውቱ ከፔርሙዙ ሊጨምርልኝ ጎንበስ ሲል፣ በጫማው ጫፍ ሣሩን ነካ አደረገው። መንኮሻኮሽ ጀምሯል።